ስለ እንጨት ሥዕልና ስለ ጠራቢው

በክረምት መውጫ ማለዳ ከሲግናል ሆኖ ወደ እንጦጦ ለሚመለከት ሰው፥ ተራራው ታቹ በጉም ተሸፍኖ ራሱ ብቻ በባሕር ዛፍ ጠቁሮ ይታየዋል። በጉሙና በዛፉ መካከል ወሰን የለም፤ ነጩ ቀስ እያለ ግራጫ፥ ግራጫውም ሰማያዊ ይሆናል። ይህን በብሩሽ መሣል ይቻላል። በሳንቃ ጠርቦ ማተም ግን እንዴት ይሆናል? ቢላዋ የቆረጠው ሁሉ ወሰን አለውና።

የጃፓን ባለሙያዎች ይህን ችለውበታል። እ.ኤ.አ. በ1760 የተወለደው ሆኩሳይ የፉጂን ተራራ ከየስፍራው የሚያሳዩትን የታወቁ ሥዕሎች ማሳተም ሲጀምር ዕድሜው ሰባ ገደማ ነበር። ሠላሳ ስድስት ይሆናሉ የተባሉት ሥዕሎች ስለ ተወደዱ ዐሥር ተጨመረባቸው። ሂሮሺጌም ከኤዶ፥ ማለት ከዛሬይቱ ቶኪዮ፥ እስከ ኪዮቶ የሚወስደውን መንገድ በ55 ሥዕሎች አሳየ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ሥዕሎች ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን የሠሯቸው አይምሰልህ። ሠዓሊው በስስ ወረቀት ይነድፋል። ጠራቢው ያን ወረቀት ቼሪ ከሚባለው ዛፍ በተሰነጠቀ ጠንካራ ሳንቃ ላይ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ይለጥፈውና፥ መሥመሩን እያስቀረ ሌላውን ፈልፍሎ ያወጣዋል። ንድፉ በዚሁ ይጠፋል፤ እንደ ጠጉር የቀጠነው መሥመር የሚድነው በጠራቢው እጅ ነው። ለየቀለሙ ሌላ ሳንቃ ይጠረባል፤ ወረቀቱ እንዳይዛነፍም በየሳንቃው ጠርዝ ምልክት ይቆረጣል። አታሚው ቀለሙን ከሩዝ ሙጫ ጋር በብሩሽ ቀብቶ፥ እርጥብ ወረቀት አልብሶ፥ በቀርከሃ ልባስ በተሸፈነ ክብ ማሻ ጀርባውን ያሻል። የማተሚያ መኪና የለም።

ጉሙስ? አታሚው ሳንቃውን በውሃ ያርስና ቀለሙን ወደ አንድ ወገን እያሳሳ ይቀባዋል። ቢላዋ ያልቻለውን እርጥበት ይሠራዋል። ነገር ግን ለየወረቀቱ እንደ ገና መቀባት ያሻል፤ መቶ ወረቀት ቢሆን መቶ ጊዜ።

በሥዕሉ ላይ የሠዓሊው ስም አለ፤ ብዙ ጊዜም የአሳታሚው ማኅተም ይታከልበታል። የጠራቢውና የአታሚው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም። ሆኩሳይ ይህን ሳይታዘብ አልቀረም፤ በወጣትነቱ ራሱ የሳንቃ ጠራቢ ነበረና።

በእኛ አገር ነገሩ ስም ከመቅረትም የባሰ ነበር። ማረሻ የሚቀጠቅጠው፥ ሸማ የሚሠራው፥ ቆዳ የሚያለፋው ሁሉ በሞያው ይሰደብ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ አወጡ። ስድቡ ግን በዐዋጅ አልጠፋም፤ ብዙዎቻችን ከአያቶቻችን አፍ ሰምተነዋል።

ከዚያ በኋላ፥ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ገደማ በመሠረቱት በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፥ ሐንሰን ባሂያ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1966 የእንጨት ኅትመት አስተማረ። የእርሱ ልማድ ከጃፓኖቹ ይለያል፤ ነዳፊውም ጠራቢውም አንድ ሰው ነው። ሠዓሊ መባል የሚሻ ሁሉ መሮ መያዝ ግድ ይሆንበታል።

እኔም የእንጦጦን ጉም ለማተም አምሮኝ፥ በሲግናል ሰፈር ለሚሠራ አንድ ወጣት አናጢ ንድፌን ሰጥቼ በዋንዛ ሳንቃ አስጠረብሁ። ሦስት ቀን ለፋበት። ሲያስረክበኝ፥ «ጋሼ፥ ስም የሚጻፈው በየት በኩል ነው?» አለኝ። የእኔን ስም ማለቱ ነበር። እኔ ግን የእርሱን ጠየቅሁት። ሲታተም እንዲቀና ፊደሉን ገልብጦ፥ በግራ ጠርዝ በኩል ራሱ ጠረበው።