የላስታ ቃል ኪዳንና የፊላዴልፊያ ጉባኤ

ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከገደል ሥር ባለ ዋሻ ውስጥ፣ በቅዱስ ነአኵቶ ለአብ ስም የሚጠራ ገዳም ይገኛል። ከዋሻው ጣራ ጠብ ጠብ የሚለው ጠበል በድንጋይ ገንዳዎች ይጠራቀማል፤ ተሳላሚውም ከእርሱ ቀምሶ ይመለሳል። ገዳሙ በስሙ ስለሚጠራው ንጉሥ ከሚተረከው ሁሉ ግን ዛሬ ልናወሳው የፈለግነው፣ ዙፋኑን ለቀቀ የሚባልበትን አኳኋን ነው።

በአገሩ ትውፊት ነአኵቶ ለአብ መንግሥቱን ለይኩኖ አምላክ ያስረከበው በጦር ተሸንፎ ሳይሆን በሽምግልና ነው። አስታራቂው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ ይባላል። የውሉም ፍሬ ነገር መንግሥት ወደ ሰሎሞን ዘር እንዲመለስ፣ ከአገሩ ሲሶው ለቤተ ክርስቲያን እንዲሆን፣ የዛጔ ዘሮችም ዋግንና ላስታን ርስት አድርገው እንዲይዙ፣ አለቃቸውም ነጋሪት እያስመታ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጥ ነው። ሌላው ትረካ በአንጻሩ፣ የመጨረሻው የዛጔ ንጉሥ ይትባረክ ሸሽቶ በገባበት በጋይንት ቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተገደለ ይላል። ጊዜው በአውሮፓ አቈጣጠር 1270 ዓመት ነው። የታሪክ ሊቃውንት ወደ ሁለተኛው ትረካ ማድላታቸው አያስደንቅም፤ ዙፋን በምርቃት ብቻ ከቤት ወደ ቤት ሲተላለፍ ብዙ አልታየምና።

ይሁን እንጂ ውሉ በእርግጥ ተፈጸመም አልተፈጸመ፣ ሰው እንደ ተፈጸመ አድርጎ ኖሮበታል። የዋግ ሹም ማዕርግ ከዘመን ዘመን ሲወራረስ ቆይቶ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ዘልቋል። ባለ ማዕርጉ በብር ወንበር ሲቀመጥ የሚመለከት ሁሉ፣ ንጉሠ ነገሥቱም እንኳ ቢሆኑ ሊያፈርሱት የማይገባ ቃል መኖሩን ያስታውስ ነበር። ውሉን የጣሰው ከዚያው ከዛጔ ቤት የወጣ ሰው መሆኑ የታሪክ ፌዝ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ፣ አባታቸውን ዐፄው በስቅላት የቀጧቸው ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1863 ዓ.ም.፣ አድዋ አጠገብ በደጃዝማች ካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆነው ተያዙ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአሜሪካ መንግሥት በምን መሠረት ላይ እንደ ቆመ ለላስታ ተማሪ ማስረዳት የሚሻ መምህር፣ ከዚህ ትውፊት ቢነሣ መንገዱ ይቀናዋል ብለን እናምናለን። ቶማስ ጄፈርሰን በአውሮፓ አቈጣጠር 1776 ዓመት ያረቀቀው የነጻነት መግለጫ፣ መንግሥታት ትክክለኛ ሥልጣናቸውን የሚያገኙት ከተገዢዎቻቸው ፈቃድ ነው ይላል። ይህ ሐሳብ ለላስታ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ገዢ በቃል ኪዳን ሊታሰር እንደሚችል ከአያቶቹ ሰምቷል። ልዩነቱ የሚገኘው ተዋዋዮቹ እነማን ናቸው ብለን ስንጠይቅ ነው። በላስታው ውል የተስማሙት ሁለት የነገሥታት ቤቶች ናቸው፤ ከሦስተኛ ወገንም ቤተ ክርስቲያን ድርሻዋን ተቀብላለች። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ገብስ የሚያርሰውን ባላገር የጠየቀው አልነበረም። ባላገሩን ያጸናው ሌላ ሥርዓት ነው፤ ርስት። ባለ ጉልቱ ግብር ያስገብራል እንጂ፣ ከአባት ከእናት በዘር የወረደውን መሬት እንዲሁ ሊነጥቀው አይገባም ነበር። በየጎጡ ሽማግሌ ፊት የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ የሚሟገት ገበሬ፣ ከገዢ ፈቃድ ያልመነጨ መብት ምን እንደ ሆነ ያለ መጽሐፍ ያውቃል።

በፊላዴልፊያም ቢሆን ሁሉም አልተጠየቀም። በ1787 ዓመት የተሰበሰቡት 55 ልዑካን በዝግ በር ነበር የመከሩት። በመካከላቸው አንዲት ሴት፣ አንድም ባሪያ አልነበረም። ከዚህም የከፋው፣ የየክፍለ አገሩ የእንደራሴ ቁጥር ሲሰላ ባሮች ከአምስት ሦስት እጅ ይቈጠሩ ተብሎ ተጻፈ፤ ባሪያው ድምፅ ሳይኖረው የጌታው ድምፅ እንዲበዛ ሆነ። ባርነትን ለማጥፋት እስከ 1865 ዓመት ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ሴቶችም በአገሪቱ ሁሉ የመምረጥ መብታቸው የታወቀው በ1920 ዓመት ነው። እንዲህ ሆኖ ሳለ ሰነዱ «እኛ ሕዝቡ» ብሎ ጀመረ። ቃሉ ከጸሐፊዎቹ ይሰፋ ነበርና፣ የተዘነጉት ሁሉ ኋላ ያንኑ ቃል ይዘው ተሟገቱበት።

ከቃሉ ይልቅ ብልሃቱ ይበልጥ ሊጠና ይገባዋል። ጄምስ ማዲሰንና ጓደኞቹ ደግ ገዢ ይመጣል ብለው አልተማመኑም። ሕግ የሚያወጣውን፣ የሚያስፈጽመውንና የሚፈርደውን ለያይተው፣ አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ አደረጉ። በእኛ አገር ፍትሐ ነገሥት በ44ኛው አንቀጽ ንጉሥ እንዴት ያለ ሊሆን እንደሚገባው ያስተምራል፤ ንጉሡ እንዲያ ሳይሆን ቢቀር ማን ያግደዋል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ለእግዚአብሔር የተተወ ነው።

የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የጃፓንን ሕግ አብነት አድርገው 55 አንቀጾች ጻፉ። በዘመኑ የሚነገረው ግስ ራሱ ነገሩን ይገልጠዋል፤ ሕገ መንግሥቱ ለሕዝቡ «ተሰጠ» ይባል ነበር። በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሲዘጋጅ እንደ ጆን ስፔንሰር ያሉ አሜሪካውያን አማካሪዎች እጃቸው ነበረበት። ስለዚህም ማንም ሰው በሕግ ከተወሰነው ሥርዓት ውጭ ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን አያጣም የሚለው የአሜሪካ ቃል በቀጥታ ገባበት። የመናገር ነጻነት ተጻፈ፤ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብም መብት እንዲሁ። በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች ምክር ቤት ገቡ። ነገር ግን የአገሪቱ ሉዓላዊ ሥልጣን የንጉሠ ነገሥቱ መሆኑ በዚያው ሰነድ ጸና። ከፊላዴልፊያ ቃላቱ ሲመጡ ብልሃቱ በመንገድ ቀረ።

ይህ የሕግ ሊቃውንት ክርክር ብቻ የሚመስለው ቢኖር በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የሆነውን ያስብ። ሰሜን ወሎ በረሀብ ሲያልቅ ባለ ሥልጣኖች ነገሩን ሸሸጉት። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ውስጥ አሳዩ፤ መንግሥት ግን እውነቱን በግልጽ አላወጣውም። ዓለም በሰፊው የሰማው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ነው። የመናገር ነጻነት አንቀጽ ነበር፤ የወሎ እንደራሴዎችም በምክር ቤት ወንበር ነበራቸው። ገዢውን ተጠያቂ ለማድረግ የሚያስችል ሥልጣን ግን በእጃቸው አልነበረም፤ የራበው ገበሬም ድምፅ ወንዝ ሳይሻገር ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የሕገ መንግሥቶቻችን መክፈቻ ተለዋውጧል። በ1979 ዓ.ም. ለሕዝበ ውሳኔ የቀረበው በሠርቶ አደሩ ሕዝብ ስም ተናገረ፤ ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ደግሞ በብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ስም። ከሰጪ ወደ ተናጋሪ መሻገር ትልቅ ለውጥ ነው፤ በተናጋሪው ስም በእርግጥ የመከረው ማን እንደ ሆነ የሚነሣው ክርክር ግን እስካሁን አላባራም።

በትምህርት ቤትስ? ቀድሞ ግብረ ገብ ይባል የነበረው ትምህርት፣ ኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ሆኖ በ11 እሴቶች ተከፍሎ ሲሰጥ ቆይቷል፤ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ አርበኝነት፣ ቁጠባ እያለ ይቀጥላል። እሴቶቹን የሚነቅፍ የለም። ሆኖም እንደ ቃላት ጥናት ተደርድረው ሲሸመደዱ፣ እያንዳንዳቸው በስንት ጠብና በስንት እምቢታ እንደ ተገኙ አይታይም። ተማሪው ለፈተና ያጠናል፤ ከፈተናው በኋላ ይረሳል።

የፊላዴልፊያን ጉባኤ ለላሊበላ ልጆች የምናስተምር ቢሆን ኖሮ፣ ከፈራሚዎቹ ይልቅ ካልፈረሙት እንጀምር ነበር። በመጨረሻው ቀን 39 ሰዎች ሲፈርሙ፣ በአዳራሹ ከነበሩት ሦስቱ እምቢ አሉ። አንዱ የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን ነው። ራሱ ባሮች የነበሩት፣ ግን የባሪያ ንግድን በጉባኤው ያወገዘ፣ እንዲህ እርስ በርሱ የሚጋጭ ሰው ነበር። የእምቢታው ዋና ምክንያት ሰነዱ የዜጎችን መብት በዝርዝር አለመጻፉ ነው። ከጉባኤው ሳይፈርም ወጣ፤ ተቃውሞውን አሳተመ፤ በክፍለ አገሩም ጉባኤ እንዳይጸድቅ ተሟገተ። ማንም አላሰረውም። ክርክሩ በየክፍለ አገሩ እየበረታ ስለ ሄደ፣ ማዲሰን ራሱ የመብቶቹን ዝርዝር አዘጋጅቶ ለምክር ቤት አቀረበ፤ 10ሩም ማሻሻያዎች በታኅሣሥ 1791 ዓመት ጸደቁ። ሜሰን ይህን አይቶ በሚከተለው ዓመት ሞተ።