ፍቺ የሌላቸው ቃላት በእንግሊዝ ሕፃናት ዘንድ

በ19ኛው ምእት ዓመት መባቻ በእንግሊዝ አገር ለሕፃናት ይታተም የነበረው መጽሐፍ አብዛኛው ተግሣጽ ነበረ። ኤድዋርድ ሊር የተባለው ሠዓሊ ግን፥ የደርቢ መስፍን በኖውስሊ ያረባቸው የነበሩትን አዕዋፍና እንስሳት ሊሥል በገባ ጊዜ የቤቱን ልጆች ያጫወተባቸውን የቀልድ ግጥሞች፥ ከገዛ ሥዕሎቹ ጋር አስተባብሮ፥ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር በ1846 በብዕር ስም አሳተመ። ኋላም ስለ ጕጕትና ድመት በደረሰው ግጥም «ራንሲብል» የተባለ ማንኪያ አስገባ፤ ይኸው ቃል በሌላ ስፍራ ለድመትም ለባርኔጣም ቅጽል ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ፍቺውን መሻት ከንቱ ድካም ይመስለኛል። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግን አላረፉም፤ ባለ ሦስት ጣት ሹካ ነው ብለው ጻፉ።

የኦክስፎርዱ የሒሳብ መምህር ዲያቆን ቻርልስ ዶጅሰን፥ በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል፥ ከዚህ የራቀ ጥበብ አሳየ። በ1855 ለቤተሰቡ በእጁ ባዘጋጀው መጽሔት ያኖራትን አንዲት አርኬ ወደ ሙሉ ግጥም አስፋፍቶ በ1871 አሊስ ስለ ተባለች ልጅ በጻፈው ሁለተኛ መጽሐፍ ባወጣት ጊዜ፥ ስሞቹንና ግሦቹን ከልቡ አንቅቶ ሲፈጥር አገባቡንና የቃላቱን መድረሻ ግን ከነሥርዓቱ ጠብቆ ስለ ተወው፥ ሕፃኑ የተደረገውን ባያውቅም አድራጊውንና ተደራጊውን ለይቶ ያውቃል፤ ደስታውም ከዚህ ይመነጫል። በዚያው መጽሐፍ ዕንቍላል መሰሉ ሃምፕቲ ደምፕቲ፥ እንደ አንድምታ መምህር በልበ ሙሉነት ተቀምጦ፥ በግጥሙ ሁለት ፍቺ በአንድ ቃል እንደ ታጨቀ ለአሊስ ይተረጕምላታል። ከግጥሙ ቃላት «ቾርትል» ለሣቅ ስም ሆኖ በእንግሊዝኛ ጸና፤ የሚናገሩትም ብዙዎች ምንጩን አያውቁም።