የኔትወርክ ድራይቭን በራሱ ማውንት ማድረግ
ሰርቨር በተነሳ ቁጥር ሌላ ማሽን ላይ ያለ የጋራ ፎልደር ሰው ሳይነካው እንዲያያዝ የሚያደርግ አሠራር። ሊኑክስ ላይ ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል አንድ መስመር ይበቃዋል፤ አድራሻው፣ የሚያያዝበት ቦታ፣ ዓይነቱ (ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 የሠራው ኤንኤፍኤስ ወይም ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ኤስኤምቢ) እና አማራጮቹ ይጻፉበታል።

ከባዱ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ሰርቨሩ ከራውተሩ ቀድሞ ሊነሳ ይችላል፤ ያኔ ማያያዙ ይከሽፋል፣ አንዳንዴም ማሽኑ መነሳቱን አቋርጦ የጥገና የይለፍ ቃል እየጠየቀ ይቆማል። «ኔትዴቭ» የሚለው አማራጭ ኔትወርኩን ያስጠብቀዋል፤ «ኖፌይል» ፎልደሩ ባይገኝም መነሳቱን ያስቀጥላል። መብራት ለሚቆራረጥበት ቦታ ግን የሲስተምዲ (የሊኑክስ አገልግሎቶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) «ኦቶማውንት» ይመረጣል፦ ፎልደሩ የሚያያዘው ፋይል ሲጠየቅ ብቻ ነው።