የተቆጠረ ሽንፈት፣ ያልተቆጠረ ድል

ከጌጃ ሰፈር ወደ አዲስ አበባ ስታዲየም ለመሄድ ታክሲ መጠበቅ አያስፈልግም። በሰንጋተራ ወይም በሜክሲኮ በኩል በእግር ይደረሳል። የድሮ ሰዎች ካምቦሎጆ የሚሉት ይህ ስታዲየም ለልደታ ሰው የሰፈር ሜዳ ያህል ቅርብ ነው። ትኬት የደረሰው ይገባል፤ ያልደረሰው ዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ያያል። በ2005 ዓ.ም. መንገዱ ለከተማው ባቡር እየተቆፈረ፣ የልደታ አሮጌ መንደሮች በመልሶ ማልማት እየፈረሱ፣ በዚያው አቧራ መሐል ማልያ የለበሰና ባንዲራ የተጠቀለለ ሕዝብ ወደ ካምቦሎጆ ይጎርፍ ነበር።

ስለዚያ ዘመን ዋልያዎች ዛሬም ሲወራ ክርክሩ ቶሎ ወደ ሰው ይዞራል። ጥፋተኛው አሰልጣኙ ነው ወይስ ፌዴሬሽኑ? ሳላዲን ያቺን ፍጹም ቅጣት ምት ቢያገባትስ ኖሮ? የሻይ ቤት ክርክር አይጠላም። ጨዋታዎቹን በተራቸው ስናስቀምጣቸው ግን አንድ የሚገርም ነገር ይወጣል። ቡድኑ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የገባው በተሸነፈበት ጨዋታ ባገባቸው ጎሎች ነው። ከዓለም ዋንጫ መንገድ ሊወጣ ለጥቂት የተረፈው ደግሞ ባሸነፈው ጨዋታ ምክንያት ነው። በሁለቱም ጊዜ ወሳኙ ነገር ቆጠራ ነበር።

ሳያሸንፉ ማለፍ

መነሻው ኅዳር 2004 ዓ.ም. ነው። ለ2014ቱ የብራዚል ዓለም ዋንጫ ቅድመ ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከሶማሊያ ተመደበች። የመጀመሪያው ጨዋታ ጅቡቲ ላይ 0 ለ 0 አለቀ። ከአራት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ላይ 5 ለ 0 ሆነና ወደ ምድብ ማጣሪያ ተገባ። ያኔ ማንም ብዙ አልጠበቀም፤ ምድቡ ውስጥ ደቡብ አፍሪካ ነበረች።

በየካቲት የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ተጀመረ። ቤኒን አዲስ አበባ መጥታ 0 ለ 0 ወጣች። ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ ቤቱ ገባ። የመልሱ ጨዋታ ሰኔ ላይ ኮቶኑ ውስጥ 1 ለ 1 አለቀ። ኢትዮጵያ አንዱንም ጨዋታ አላሸነፈችም፣ ግን አለፈች፤ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ሚዛን ይደፋልና። ይቺን ሕግ እናስታውሳት፣ ተመልሳ ትመጣለች።

በኮቶኑው ጨዋታ ዋዜማ ቡድኑ ሁለት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎችን ተጫውቶ ነበር። ግንቦት 26 ቀን 2004 ሩስተንበርግ ላይ ሳላዲን ሰዒድ አግብቶ ዋልያዎቹ ደቡብ አፍሪካን እስከ መጨረሻው ሩብ ሰዓት ድረስ መሩ። ከዚያ ካትሌጎ ምፌላ አቻ አደረገ፤ 1 ለ 1። የደቡብ አፍሪካው አሰልጣኝ ፒትሶ ሞሲማኔ በማግስቱ ተባረረ። በዚያ ጨዋታ ምንያህል ተሾመ ቢጫ ካርድ አየ። ማንም ልብ አላለውም፤ ቢጫ ካርድ በየጨዋታው አለ። ከሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ማዕከላዊ አፍሪካ ሪፐብሊክ 2 ለ 0 ተሸነፈች።

አምስት ለሦስት

ነሐሴ 2004 ለአገሩ ከባድ ወር ነበር። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስና ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በቀናት ልዩነት አረፉ። የጠቅላይ ሚኒስትሩ ቀብር ነሐሴ 27 ተፈጸመ። ብሔራዊ ቡድኑ ከዚያ በኋላ በሳምንቱ፣ ጳጉሜን 3 ቀን፣ ኦምዱርማን ላይ ከሱዳን ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ የመጨረሻ ማጣሪያ ተሰለፈ።

5 ለ 3 ተሸነፈ። አምስት ጎል የገባበት ቡድን ብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመለሰው። ይህኛው ግን ሦስት ጎል በሻንጣው ይዞ ነበር የመጣው። የቤኒኗ ሕግ ተመለሰች፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ከተሸነፈች ሱዳን ቀረች ማለት ነው።

ጥቅምት 4 ቀን 2005፣ እሑድ። ካምቦሎጆ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለፈ። በሁለተኛው አዳነ ግርማ አገባ፤ ብዙም ሳይቆይ ሳላዲን ሁለተኛውን ጨመረ። 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5። ኦምዱርማን ላይ የተቆጠሩት ሦስቱ ጎሎች ሚዛኑን ደፉት፣ ኢትዮጵያም ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ከዚያ በፊት የተካፈለችው በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ከሜክሲኮ እስከ ልደታ መንገዱን የሞላው ሕዝብ አብዛኛው አገሩን በዚህ ውድድር አይቶ አያውቅም።

ጥር 13

የአፍሪካ ዋንጫን በ1949 ዓ.ም. ከጀመሩት ሦስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ዋንጫውንም አንድ ጊዜ ወስዳለች፤ ጥር 13 ቀን 1954፣ በዚያው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት። ግብፅ ሁለት ጊዜ መርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆኑ፤ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ።

ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ ጋር የተደረገው የ2005 የመጀመሪያ ጨዋታ ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን ዋለ። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። በደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍተው፣ ዕቃ ተሸክመው የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስታዲየሙን ቢጫ አልብሰውት ነበር። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ፤ ኬኔዲ ምዌኔ አዳነበት። ቀጥሎ በረኛው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ሜዳው ላይ ዕቃ ተወረወረ። ከዕረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባ። በዚህ ሁሉ ላይ አሥር ሰው ቀርቶ፣ በ65ኛው ደቂቃ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። 1 ለ 1።

ጥር 17 ቀን እዚያው ኔልስፕሩት ላይ ቡርኪና ፋሶ መጣች። አላን ትራኦሬ ከዕረፍት በፊት አገባ። ከዕረፍት በኋላ የቡርኪናው በረኛ በቀይ ወጣ፤ አሁን እነሱ አሥር እኛ አሥራ አንድ ሆንን። እንግዲህ ይመለሳል ሲባል ሌላ ሦስት ጎል ገባብን። 4 ለ 0። ቡድኑ አሥር ሆኖ ሻምፒዮን ማቆም ችሎ፣ አሥራ አንድ ሆኖ አሥር ሰው ማቆም አቃተው። አንድ ሰው ጎድሎ መከላከል ልብ ይጠይቃል፤ አንድ ሰው በልጦ ሲያጠቁ ኋላን መጠበቅ ግን ልምድ ይጠይቃል። የ31 ዓመት ቀሪነት የሚታየው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው።

ጥር 21 ቀን ሩስተንበርግ፣ ናይጄሪያ። እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0። ከዚያ ቪክተር ሞሰስ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አገባ። በሁለተኛው ላይ በረኛው ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንፃ ጓንት አጥልቆ ግብ ውስጥ ቆመ። ዋልያዎቹ በአንድ ነጥብና በአንድ ጎል ከምድቡ መጨረሻ ሆነው ተመለሱ። ከዚያው ምድብ የወጡት ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ ግን ለፍጻሜ ደረሱ፤ ናይጄሪያም ዋንጫውን በላች።

ሁለት ቢጫ

የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ መጋቢት 15 ቀን 2005 ቀጠለ። አዲስ አበባ ላይ ጌታነህ ከበደ አግብቶ ቦትስዋና 1 ለ 0 ተሸነፈች። ምንያህል ተሾመ በዚህ ጨዋታም ቢጫ አየ። ሩስተንበርግ ላይ ካየው ጋር ሁለት ሆነ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ በሁለት የተለያዩ ጨዋታዎች ቢጫ ያየ ተጫዋች ቀጣዩን አይሰለፍም። በሁለቱ ካርዶች መካከል ግን ዘጠኝ ወር ከግማሽ አለፈ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የአፍሪካ ዋንጫ ሄዶ መጥቷል፤ ያ ደግሞ የራሱ የካርድ ሒሳብ ያለው ሌላ ውድድር ነው። እንዲህ ያለውን በአእምሮ መያዝ አይቻልም። አንድ ሰው ደብተር ከፍቶ መጻፍ አለበት።

ሰኔ 1 ቀን ቡድኑ ቦትስዋና ድረስ ሄዶ 2 ለ 1 አሸነፈ። ምንያህል ተሰልፎ ነበር።

ሰኔ 9 ቀን፣ እሑድ፣ ደቡብ አፍሪካ አዲስ አበባ ገባች። በርናርድ ፓርከር አስቀደመ፤ ጌታነህ ከዕረፍት በፊት አቻ አደረገ። በ70ኛው ደቂቃ ያው ፓርከር ቅጣት ምት ለማውጣት ሲሞክር የራሱ መረብ ላይ አሳረፋት። 2 ለ 1። ሒሳቡ ቀላል ነበር፤ ኢትዮጵያ 13 ነጥብ፣ ደቡብ አፍሪካ 8፣ የቀረው አንድ ጨዋታ። ማለፉ ተረጋገጠ ተብሎ ከተማው ጨፈረ፤ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ።

በዚያው ቀን ፊፋ ምርመራ መክፈቱን አስታወቀ። ጭፈራው ሳይበርድ ወሬው ደረሰ። ፌዴሬሽኑም ብዙ ሳይቆይ ስህተቱን አመነ። ቅጣቱ 6,000 የስዊስ ፍራንክና የቦትስዋናው ጨዋታ ውጤት መገልበጥ ሆነ፤ 2 ለ 1 የነበረው ድል 3 ለ 0 ሽንፈት ተብሎ ተመዘገበ። 13ቱ ነጥብ 10 ሆነ።

ይህን የጌጃ ሰፈር ሰው ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይረዳዋል። ሰፈር ሲፈርስ የሚጠየቀው ወረቀት ነው። አርባ ዓመት የኖርክበት ቤት መዝገብ ላይ ከሌለ እንዳልኖርክበት ነው የሚቆጠረው። ዋልያዎቹም አሸንፈው ነበር፤ መዝገቡ ግን አላሸነፋችሁም አላቸው።

ብራዛቪልና ካላባር

አሁን የመጨረሻውን ጨዋታ ማሸነፍ ግድ ሆነ። እኩል ቢወጡ ኢትዮጵያ 11 ትሆናለች፤ ደቡብ አፍሪካ ካሸነፈች እሷም 11፣ በጎል ልዩነት ደግሞ እሷ ትበልጣለች። ደቡብ አፍሪካ በዚያ ቀን ቦትስዋናን 4 ለ 1 ማሸነፏን ስናይ ስጋቱ ባዶ እንዳልነበር እንረዳለን። ጳጉሜን 2 ቀን 2005፣ ማዕከላዊ አፍሪካ በጦርነት ስለታመሰች ጨዋታው ብራዛቪል ላይ ተደረገ። ዋልያዎቹ ቀድሞ ገባባቸው። ከኋላ ተነስተው 2 ለ 1 አሸነፉ። በእኔ ግምት የዚያ ዘመን ትልቁ ጨዋታ ይኼ ነው። ከዛምቢያውም ከደቡብ አፍሪካውም ያነሰ ይወራለታል፤ ግን ደብተር ያጠፋውን ሦስት ነጥብ እግር ከፍሎ የመለሰው እዚህ ነው።

ከብራዚል የለየን አንድ ዙር ብቻ ሆነ። ዕጣው እንደገና ናይጄሪያን አመጣ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ካምቦሎጆ ላይ በኃይሉ አሰፋ ከዕረፍት በኋላ አገባ። ለአሥር ደቂቃ ያህል ዓለም ዋንጫ እዚሁ ያለ መሰለ። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ሁለተኛውን ጨመረ። 1 ለ 2። ሱዳን ላይ ያዳነችን ሕግ አሁን በእኛ ላይ ዞረች፤ ከሜዳቸው ውጪ ሁለት ጎል ይዘው ሄዱ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ ሞሰስና ቪክተር ኦቢና አግብተው 2 ለ 0 አለቀ።

ድምር

ከሶማሊያ እስከ ካላባር በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለቱ ውድድሮች 17 ጨዋታ ተደርጓል። ሜዳ ላይ 7 ድል፣ 5 አቻ፣ 5 ሽንፈት። ከአምስቱ ሽንፈት ሦስቱ በናይጄሪያ ናቸው። መዝገቡ ላይ ግን ድሉ 6 ነው።

ሰውነት ቢሻው በ2006 አጋማሽ፣ ቡድኑ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች የአፍሪካ ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ከተሸነፈ በኋላ፣ ተሰናበተ። ወደ አፍሪካ ዋንጫ ለመመለስ እስከ 2014 መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያው ዓመት ደግሞ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም ስላልነበረን ዋልያዎቹ «በሜዳቸው» የሚባለውን ጨዋታ ሰው አገር መጫወት ጀመሩ። ይኼኛውም ከተጫዋች እግር ውጪ ያለ ጉዳይ ነው።

የ2005ቱን ጨዋታዎች አብረው ያዩ የልደታ ጎረቤቶች ብዙዎቹ ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። የሰኔ 1ዱን ጨዋታ መዝገብ ብትከፍት 3 ለ 0 ተሸንፈናል ይልሃል። ያየውን ሰው ብትጠይቅ 2 ለ 1 አሸንፈናል ይልሃል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ተጽፏል፣ ሁለተኛውንም የሚጽፍለት ሰው ያስፈልጋል።