ማይክል አንጄሎ አልተኛም

ልጆችን ስለ ማይክል አንጄሎ ለማስተማር በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተለመደ አንድ ጨዋታ አለ። መምህሯ በየጠረጴዛው ሥር ነጭ ወረቀት ትለጥፋለች፤ ልጆቹ ወለሉ ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ወደ ላይ ይስላሉ። ብዙም ሳይቆይ ክንድ ይዝላል፣ ቀለም ፊት ላይ ጠብ ይላል፣ ሳቁም ይደምቃል። ከዚያም «ታላቁ ሠዓሊ በቫቲካን የሲስቲን ጸሎት ቤትን ጣሪያ የሳለው እንዲህ ተኝቶ ነው» ይባላሉ።

ጨዋታውን እወደዋለሁ። ታሪኩ ግን ልክ አይደለም። ማይክል አንጄሎ የሳለው ቆሞ ነው።

ምስክሩ ራሱ ነው። ሥራው ባሰቃየው ሰሞን ለወዳጁ ለጆቫኒ ዳ ፒስቶያ በጻፈው ግጥም ስለ ተጣመመው አካሉና ቀለም ስለሚንጠባጠብበት ፊቱ በራሱ ላይ ይሳለቃል። በወረቀቱ ጠርዝ ደግሞ ቆሞ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቆልምሞ፣ እጁን ወደ ጣሪያው የዘረጋ ሰው ሥሏል።

ታዲያ «ተኝቶ» የሚለው ከየት መጣ? ብዙዎች የሚያመለክቱት የዘመኑ ጸሐፊ ፓውሎ ጆቪዮ የተጠቀመበትን አንድ የላቲን ቃል ነው። ቃሉ ወደ ኋላ የተለመጠንም፣ በጀርባው የተንጋለለንም ሰው ይገልጻል። እ.ኤ.አ. በ1965 ቻርልተን ሄስተን የተወነበት ፊልም ደግሞ የተንጋለለውን ሠዓሊ በተመልካች ዓይን ውስጥ አተመው።

«ቢቆም ቢተኛ ምን ለውጥ አለው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለውጥ አለው። ልጅ በጆሮው የሰማውን ሊረሳ ይችላል፤ በክንዱ የተማረውን ግን አይረሳም። ስሕተት በክንድ ከገባ ማን ያወጣዋል?

ደግሞስ እውነቱ ከተረቱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1508 ሥራውን ሲጀምር የ33 ዓመት ሰው ነበር፤ ራሱንም የሚቆጥረው ቀራፂ እንጂ ሠዓሊ አድርጎ አልነበረም። ጳጳሱ ዳግማዊ ዩልዮስ አዘዙት፤ በእንጨት ርብራብ ላይ ወጣ። ቀለሙ የሚቀባው ገና እርጥብ በሆነ የኖራ ልስን ላይ ስለሆነ፣ የዕለቱ ልስን ሳይደርቅ የዕለቱ ሥራ ማለቅ ነበረበት። መጀመሪያ ላይ የሳለው ሻግቶበት ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1512 ግን ፈጸመው።

ስለዚህ ወረቀቱ ከጠረጴዛው ሥር ይነሣና ከልጆቹ ራስ በላይ ይሰቀል። ቆመው፣ አንጋጠው ይሳሉ። መምህሯም ሰዓቷን እያየች «ልስኑ ሊደርቅ ነው!» ትበላቸው። ያን ጊዜ አንገታቸውን እያሻሹ ወደ ቤት የሚሄዱት ልጆች፣ ጥበብ ከተሰጥዖ ሌላ ምን እንደሚጠይቅ ማንም ሳይሰብካቸው ያውቁታል።