የሰባ ሰባት ልጆች

እኛ አቀስታ አካባቢ ያደግን ሰዎች "ሰፈራ" የሚለውን ቃል የሰማነው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከቤታችን ነው። በ77 የሄደ አጎት ወይም አክስት ከዘመድ መሃል አይጠፋም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናቡ ሲከዳ የወሎ ገበሬ ተራበ። ደርግ ከ1977 ጀምሮ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል አሰፈረ። ከግማሽ በላዩ ወሎዬ ነበር። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የተጫነም ብዙ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ጎጆ ሊሠሩላቸው ዘምተዋል።

ሰፋሪው ደን መነጠረ፣ ወለደ፣ ኦሮምኛ ለመደ። እዚህ የተወው ማሳ ለቀሪው ተደለደለ። ልጆቹ ወሎን የሚያውቋት በወሬ ብቻ ሆነ።

ከዚያ መንገዱ ዞረ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ቶሌ ላይ ያለቁት ብዙዎቹ የእነዚያው ሰፋሪዎች ዘሮች ናቸው። ከዚያ በፊትም በኋላም ከወለጋ የሸሹ ወደ ደቡብ ወሎ መጡ። በ2013 ክረምት ደግሞ ጦርነት ከሰሜን ወሎ ያፈናቀላቸው በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው ነበር።

ተፈናቃይን ክፍል ውስጥ ማሳደር ደግነት ነው። ወራት ሲቆጠሩ ግን የመጣውም የተቀበለውም ልጅ ከትምህርት ይቀራል። ስለዚህ መጠለያ ለብቻው ይሠራ፤ ክፍሉ ለሁለቱም መማሪያ ይሁን።

ደግሞስ አያቶቹን ድርቅ፣ የልጅ ልጆቹን ጥይት አፈናቀላቸው። እንግዳ አይደሉም እኮ፣ የኛው ናቸው! ለምዝገባ ሲመጡ "መሸኛ አምጣ" አንበላቸው። ቤቱ የተቃጠለበት ልጅ መሸኛ ከየት ያመጣል?