ሙሉ ማደንዘዣ ከቀዶ ወሊድ በኋላ በአእምሮ ሥራ ላይ ያለው ተጽዕኖ

ሙሉ ማደንዘዣ በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ራሷን ሳታውቅ፣ ሕመም ሳይሰማት እንድትቆይ የሚያደርግ የሕክምና ዘዴ ነው። ከነቃች በኋላ በማስታወስ፣ በትኩረትና በማሰብ ፍጥነት ላይ የሚታየው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ ቀላልና ጊዜያዊ ነው።

አጠቃቀም

በብዙ አገሮች አብዛኛው የቀዶ ወሊድ የሚከናወነው ከወገብ በታች በሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ ነው፤ እናቲቱ ነቅታ የልጇን ልቅሶ ትሰማለች። ሙሉ ማደንዘዣ የሚመረጠው ለጀርባ መርፌ ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ሲፈጠር፣ ከባድ የደም መፍሰስ ወይም የደም አለመርጋት ችግር ሲኖር፣ አለዚያም የጀርባው መርፌ በበቂ ሁኔታ ሳይሠራ ሲቀር ነው።

መድኃኒቶቹ

ፕሮፖፎል አንጎል ዘንድ በፍጥነት ደርሶ ወዲያው ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች ስለሚሰራጭ ኃይሉ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀንሳል። ታዮፔንታል ከሰውነት የሚወጣው በዝግታ ስለሆነ ድብታው ሊረዝም ይችላል። ኬታሚን የደም ግፊትን እምብዛም ስለማይጥል ብዙ ደም ለፈሰሳት እናት ይጠቅማል፤ ሆኖም ስትነቃ ቅዠት ወይም የሌለ ነገር ማየት ሊያስከትል ይችላል። ሚዳዞላም ቅዠቱን ይቀንሳል፤ ነገር ግን ከተሰጠ በኋላ የሆነውን እንዳታስታውስ ሊያደርጋት ይችላል።

ምልክቶችና ሌሎች ምክንያቶች

የተለመዱት ምልክቶች ድብታ፣ ዘግይቶ መመለስ፣ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ መጠየቅና መርሳት ናቸው። አብዛኞቹ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋሉ። በዚህም ምክንያት ለ24 ሰዓት መኪና አለመንዳትና ከባድ ውሳኔ አለመወሰን ይመከራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የሚቆይ መርሳት ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከሕመም፣ ከደም ማነስ ወይም እንደ ሞርፊን ካሉ የሕመም ማስታገሻዎች ሊመጣ ስለሚችል መንስኤውን መለየት አስቸጋሪ ነው።

ጥናቶች

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚከሰት የማሰብ ችሎታ መቀነስ በብዛት የተጠናው በአረጋውያን ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ታካሚዎች ውስጥ ችግሩ ከሳምንት በኋላ በ25.8 ከመቶ፣ ከ3 ወር በኋላ ደግሞ በ9.9 ከመቶ ላይ መታየቱን አሳይቷል። ወላዶች በአብዛኛው ወጣቶች ስለሆኑና ቀዶ ሕክምናው አጭር ስለሆነ ይህን አኃዝ በቀጥታ ለእነሱ መጠቀም አይቻልም።

በወሊድ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ሌላ ችግር በቀዶ ሕክምናው መካከል ሳይታሰብ መንቃት ነው። በብሪታኒያና በአየርላንድ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ትልቅ ጥናት ይህን በጠቅላላው ከ19,000 ማደንዘዣ በ1፣ በቀዶ ወሊድ ግን ከ670 በ1 ገምቶታል። እንዲህ ያለ ትውስታ ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ የሥነ ልቦና ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የኒውዮርክ ግዛት ጥናት ደግሞ ሙሉ ማደንዘዣ ከከባድ የድኅረ ወሊድ ድባቴ ጋር ተያይዞ መገኘቱን አመልክቷል፤ መያያዙ ግን ማደንዘዣው መንስኤ ነው ማለት አይደለም።

አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልግበት ሁኔታ

አራሷ በደንብ ከነቃች በኋላ እንደገና ግራ መጋባት ከጀመራት ወይም ግራ መጋባቱ ከባሰባት፣ «የማደንዘዣው ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታና መንቀጥቀጥ ከወሊድ በኋላም የሚከሰተውን ኢክላምፕሲያ፣ ትኩሳት ደግሞ ኢንፌክሽንን ሊያመለክቱ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ ፈጽሞ ማጣት፣ የሌለ ድምፅ መስማትና ከእውነታ መራቅ የድኅረ ወሊድ የአእምሮ ሕመም ምልክቶች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁሉም በቶሎ ሐኪም ዘንድ መታየትን የሚጠይቁ፣ ሕክምናም ያላቸው ናቸው።